ከሃምሳ ብሩ ጀርባ ያለው ግንብ

ቤት ሳጸዳ ከአሮጌ ሻንጣ የጎን ኪስ አንድ ሃምሳ ብር ወጣ። የድሮው ሃምሳ ነው። ኢትዮጵያ በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶቿን ስትቀይር ለመለወጫ የተሰጠው 90 ቀን ነበር፤ ይቺ ኖት ግን ሻንጣ ውስጥ እንደተኛች ቀኑ አለፈባት። በአንድ ኪሱ ሽልንግ፣ በሌላው ብር ይዞ ለሚውል የኬንያው ሞያሌ ሰው እንዲህ ያለ ኪሳራ አዲስ አይደለም። ብሽቅ ብዬ ጠረጴዛ ላይ ወረወርኳት።

የጎረቤት ልጅ አነሳት። ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እዚሁ ሰፈራችን ኦዳ የተወለደ፣ አማርኛውን ከገበያ የለቀመ። ገልበጥ አድርጎ ጀርባዋን አየና ክብ ክብ ማማ ያለውን የድንጋይ ቤት በጣቱ እየነካካ፣

«ጋሼ፣ ይሄ ፎርት ጂሰስ ነው?» አለኝ።

አይደለም አልኩት። ማን ሠራው? ማን ይኖርበታል? ብር ላይ ለምን ሳሉት? እያለ ሲያከታትልብኝ መልሴ እየረዘመ ሄደ። ለእሱ ያልኩትን ነው እዚህ ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ እኛ ዘንድ የተለመደው እሱ ነውና።

የልጁ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እኛ የምንኖረው በሁለት ግንቦች መሃል ነው። ሞምባሳ ባሕር ዳር ላይ ፎርት ጂሰስ አለ፤ ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 የሠሩት፣ ንድፉን ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የተባለ ጣሊያናዊ ያወጣው። በሰሜን ደግሞ ጎንደር ላይ የፋሲል ግንብ አለ። ወደዚያኛው ለመሄድ ከሞያሌ አዲስ አበባ ያለው 770 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ገና ግማሹ ነው። ብዙዎቻችን ሁለቱንም ያየናቸው በሥዕል ነው። ልጁ አንዱን በትምህርት ቤት መጽሐፉ፣ ሌላውን በማይሠራ ገንዘብ ላይ።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት መጀመሪያ ልንገራችሁ። ፎርት ጂሰስ ምሽግ ነው። መድፉ ወደ ባሕር ያነጣጠረ፣ ወታደር ሊያድርበት፣ ጠላት ሊከለከልበት የተሠራ። ጎንደር ያለው ግን የንጉሥ መኖሪያ ነው። ትክክለኛ ስሙም «ፋሲል ግቢ» ነው፤ ግንብ ከማለት ግቢ ማለቱ ይሻላል፤ ምክንያቱም ብሩ ላይ የተሳለው አንዱ ቤት ብቻ ነው። 900 ሜትር ርዝመት ባለው አጥር ውስጥ፣ ሰባት ሄክታር ያህል መሬት ላይ፣ የብዙ ነገሥታት ቤት፣ የግብር አዳራሽ፣ የመጻሕፍት ቤት፣ የፈረስ ጋጥ፣ አብያተ ክርስቲያናት ጭምር ሰፍረዋል። የውጭ አገር የጉዞ መጻሕፍት «የአፍሪካ ካሜሎት» ይሉታል፤ ካሜሎት የእንግሊዞች የተረት ንጉሥ ግንብ ነው። በተረት የሚታወቀውን አምጥቶ በእውነት ለቆመው ስም ማውጣት ለእኔ ምንም አይጥመኝም። «የመካከለኛው ዘመን ግንብ» የሚለውም የአውሮፓውያን መስፈሪያ ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ያ ዘመን በ1500 አካባቢ አብቅቷል፤ ጎንደር የተቆረቆረችው ከዚያ ከ130 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ከጎንደር በፊት የኢትዮጵያ ነገሥታት አንድ ቦታ ረግተው አይቀመጡም ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ድሮ የንጉሥ ጦር የሰፈረበትን ቦታ ነበር የሚያመለክተው። ንጉሡ ድንኳኑን ተክሎ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በዙሪያው ይሰፍራል፤ ክረምቱ ሲገባ ይረጋል፤ በጋ ሲሆን ይነሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ያን ሁሉ ሰውና ከብት የሚቀልብ አንድ አገር የለም። ማገዶው ያልቃል፣ የአካባቢው ገበሬ ይራቆታል፣ ከዚያ ወደ ሌላ። የቦረና አርብቶ አደር ሣር ሲያልቅበት ይነሳል፤ የሰሜኑ ንጉሥ እንጨት ሲያልቅበት ይነሳ ነበር።

ይህ ልማድ በአንድ ቀን አልተቋረጠም። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ አፄ ሠርጸ ድንግል እንፍራንዝ አጠገብ ጉዛራ ላይ የድንጋይ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር፤ ዛሬም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ ከኮረብታው ላይ ቁልቁል ጣናን ያያል። አፄ ሱስንዮስም ደንቀዝ እና ጎርጎራ ላይ አሠርተዋል። ልጃቸው አፄ ፋሲል በ1632 ነገሡና በ1636 ገደማ፣ አንገረብና ቀሃ የሚባሉ ሁለት ወንዞች መሃል ባለ ከፍታ ላይ ጎንደርን ቆረቆሩ። ቦታው ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ ወባ የለም፣ ውሃ አለ፣ ወደ ሱዳንም ወደ ቀይ ባሕርም የሚሄደው የነጋዴ መንገድ ያልፍበታል። ወርቁ፣ ዝባዱ፣ ቡናው፣ በሰንሰለት የሚነዳው ሰውም ከደቡብ የሚመጣው በዚያ ነው።

የጎንደር ሰው ግን የሚተርከው ሌላ ነው። የመንግሥቱ መቀመጫ ስሟ በ«ጎ» በሚጀምር ቦታ ትሆናለች የሚል ትንቢት ነበር፤ ነገሥታቱ ጎርጎራን ሞከሩ፣ አልሆነም። አፄ ፋሲል አደን ወጥተው ጎሽ ሲከተሉ ጎሹ መርቶ ከቦታው አደረሳቸው። እኔ ወንዙና የነጋዴው መንገድ ይበልጥ ያሳምኑኛል። ልጁ ግን ጎሹን መረጠ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ፤ ማን ሠራው? ብዙ ሰው አፉን ሞልቶ «ፖርቱጋሎች» ይላል። አዲስ አበባ ተምረው የመጡ ሰዎች እንኳ ሲሉት ሰምቻለሁ። የመጣበት መንገድ አለ። በ1541 ክሪስቶቮ ዳ ጋማ የተባለ የፖርቱጋል መኮንን 400 ያህል ጠመንጃ ያዦችን ይዞ ከምጽዋ ወረደ፤ የመጡት ኢማም አሕመድ ኢብራሂምን ለሚወጋው ንጉሥ ሊያግዙ ነበር። ከጦርነቱ የተረፉት ብዙዎቹ አገሩ ውስጥ ቀርተው ተጋቡ፣ ወለዱ። ቀጥሎ የኢየሱሳውያን ካህናት መጡ፤ ከእነሱ አንዱ ፔድሮ ፓኤዝ ጎርጎራ ላይ ለአፄ ሱስንዮስ ቤት በማሠራት የታወቀ ነው። ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ እምነት ዞሩ፤ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰ፤ በመጨረሻ ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። ፋሲልም የአባቶቼ ሃይማኖት ይመለስ ብለው አወጁና ካህናቱን አባረሩ።

እንግዲህ ዓመቱን አስሉት። ካህናቱ ሲባረሩ ጎንደር ገና አልተቆረቆረችም። ንጉሡ ያባረሩትን ሰው ጠርተው ቤት አያሠሩም። የግንቡን ሥራ ሁሉ ለፖርቱጋል መስጠት የማይሆነው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል፣ «ከውጭ ምንም አልመጣም» ማለቱም ልክ አይመጣም። ምስክሩ አንድ የመናዊ ነው። ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ የሚባል የየመን ኢማም መልእክተኛ በ1648 ጎንደር ገባ። ግንቡ ያኔ አዲስ ነው። በድንጋይና በኖራ የተሠራውን ትልቅ ቤት አይቶ በጣም እንደተደነቀ ጽፏል፤ ዋናው ግንበኛ ሕንዳዊ እንደሆነም እዚያው አስፍሯል። ነገሩ አይገርምም። የኖራ ሥራ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሕንጻ የገባው በሱስንዮስ ዘመን ከሕንድ በመጣ ባለሙያ በኩል ነው ይባላል፤ ቀይ ባሕር የሚያገናኘን ከሊዝቦን በፊት ከየመንና ከሕንድ ጋር ነው። ድንጋይ የሚጠርቡት፣ የሚገነቡት እጆች ግን የአገሩ ናቸው፤ በተለይ በግንበኝነትና በአንጥረኝነት የታወቁት ቤተ እስራኤሎች። መሬት እንዳይዙ የተከለከሉ፣ በእጅ ሥራቸው የተናቁ ሰዎች ናቸው ለንጉሡ ቤት ያቆሙት። የጉዛራን ኮረብታ፣ የሕንዱን ግንበኛ፣ የቤተ እስራኤሉን መዶሻ አንድ ላይ ብትደምሩ ጎንደር ይወጣላችኋል።

ቤቱን ቀረብ ብለን እንየው። ኖቷን ለልጁ ወደ ብርሃን አዙሬ ያሳየሁት ይህንን ነው። አራት ማዕዘኑ ላይ አራት ክብ ማማዎች አሉ፤ የእያንዳንዱ አናት እንደ እንቁላል የሞለለ ስለሆነ «እንቁላል ግንብ» ይሉታል። ከመካከላቸው አራት ማዕዘን ትልቅ ማማ ይወጣል፤ ቁመቱ 32 ሜትር ገደማ ነው። ድንጋዩ ጥቁር ቡናማ ባዛልት ነው። የመስኮቱና የበሩ ቅስት ዙሪያ በቀላ ድንጋይ ተከቧል። ሰማዩ በጠራ ቀን ከላይ ሆኖ ጣናን ማየት ይቻላል። ፎርት ጂሰስ የተሠራው ከባሕር በተቆረጠ የዛጎል ድንጋይ ነው፤ ያ ቢጫ፣ ይሄ ጥቁር።

ከፋሲል በኋላ የነገሠ ሁሉ በአባቱ ቤት አልኖረም፤ እዚያው አጥር ውስጥ የራሱን ሠራ። አፄ ዮሐንስ የመጻሕፍት ቤት ሠሩ። አፄ ኢያሱ ቀዳማዊ፣ ከ1682 እስከ 1706 የነገሡት፣ በወርቅ ቅብና በዝሆን ጥርስ አሸብርቆ ነበር የተባለውን ግንብ አቆሙ። ሻርል ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1699 እሳቸውን ሊያክም ጎንደር የገባው በዚህ የድምቀት ዘመን ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ንጉሡን የገዛ ልጃቸው ወገኖች ገደሏቸው። አፄ ዳዊት ሦስተኛ የዘፈን አዳራሽ አሠሩ፤ በነገሡ በአምስተኛው ዓመት ተመርዘው ሞቱ። አፄ በካፋ የግብር አዳራሽና የፈረስ ጋጥ ጨመሩ። የሳቸው ሚስት እቴጌ ምንትዋብ ለልጃቸውና ለልጅ ልጃቸው ሞግዚት ሆነው መንግሥቱን ለአሥርት ዓመታት ያዙ፤ ግቢው ውስጥም፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ቁስቋም ኮረብታ ላይም ሠርተዋል። እንደ እኔ አስተያየት የጎንደር ብልህ ገዢ እሳቸው ናቸው፤ ብሩ ላይ ግን የወጣው የፋሲል ቤት ነው።

የግቢው ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር ከግድግዳው ይልቅ በሮቹ ይናገራሉ። አሥራ ሁለት ናቸው፤ ስማቸውን አንድ በአንድ ብናነብ ማን በየት ይገባ እንደነበር እናያለን። ወምበር በር የዳኞች ነው። ባልደራስ በር የፈረሰኛው አለቃ፣ ራስ በር የራሶች፣ እምቢልታ በር የእምቢልታ ነፊዎች። አደናግር በር ፈትል ፈታዮቹ የሚገቡበት፣ ቋሊ በር የእቴጌይቱ አጃቢዎች። ተዝካሮ በር ለሙታን መታሰቢያ፣ እልፍኝ በር ወደ ንጉሡ እልፍኝ። እርግብ በር፣ እንቆዬ በር፣ ግምጃ ቤት ማርያም በርም አሉ። ሰው ሁሉ በደረጃው፣ በሥራው በር አለው። ፎርት ጂሰስ የሚፈልገው አንድ ጠባብ በር ነበር፤ ምሽግ በር ሲበዛበት ይጠፋል። አሥራ ሁለት በር የከፈተ ንጉሥ ስለ ከበባ ሳይሆን ስለ ሥርዓት ነው ያሰበው።

አሥራ ሁለተኛው ጃን ተከል በር ነው፤ ፊት በርም ይባላል። ከፊቱ ሜዳ አለ፤ ሜዳው ላይ «የጃን ተከል ዋርካ» የሚባል ግዙፍ ዛፍ አለ። አዋጅ የሚነገርበት፣ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቦታ ይህ ነበር። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ባለ ዛፍ ላይ ሰው ሲሰቀል ማየቱን ጽፏል። ይህን ስነግረው ልጁ ቀና አለ። የሰፈራችን ስም «ኦዳ» በኦሮሚኛ የሾላ ዛፍ ነው፤ የኦሮሞ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት፣ ሕግ የሚያወጡበት ዛፍ። ዋርካና ሾላ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ጥላቸው ሰፊ ነው፣ በሁለቱም ጥላ ሥር ይፈረዳል።

ብሩስ ሲመጣ ግቢው እየፈረሰ ነበር። የንጉሡ ቤት ብዙው ክፍሉ በተለያየ ጊዜ ተቃጥሎ ፈርሷል፣ የሚኖርባቸው የታችኞቹ ሁለት ፎቆች ናቸው ይላል። ከሱ መምጣት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ራስ ሚካኤል ስሑል ንጉሡን አፄ ኢዮአስን አስገድለዋል፤ ዘመነ መሳፍንት የሚባለው የጀመረው ከዚያ ነው። ነገሥታቱ ግቢው ውስጥ ስም ብቻ ይዘው ቀሩ። አፄ ቴዎድሮስ መናገሻቸውን ወደ ደብረ ታቦር ወሰዱ፤ በ1866 ደግሞ ጎንደርን ራሳቸው ዘርፈው አቃጠሉ። በ1888 ከሱዳን የመጣው የመሐዲስቶች ጦር፣ በአገሬው አጠራር ደርቡሽ፣ የተረፉትን አብያተ ክርስቲያናት አነደዳቸው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ አንድ ራሱን ተረፈ፤ ንብ ወጥቶ አዳነው ይባላል።

የድንጋዩ ቤት የቀረው ስላላቃጠሉት አይደለም፤ ድንጋይ ስለማይነድ ነው። ጣሪያው፣ ወለሉ፣ በሩ፣ መስኮቱ እንጨት ነበርና ሄዷል።

ጣሊያን በሚያዝያ 1936 ጎንደር ሲገባ ያገኘው ይህንን ነው። ከተማዋን የግዛቱ መቀመጫ አደረጋት፤ ዛሬ ፒያሳ የሚባለውን ሰፈር ሠራ፤ ግቢውንም ለራሱ ቢሮ አዋለው፣ ጠገነውም። የቀረውን የሠራው ጦርነቱ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን የመጨረሻ ይዞታ ጎንደር ስለነበረች ኅዳር 27 ቀን 1941 እስክትወድቅ ድረስ የእንግሊዝ አውሮፕላን ደበደባት፤ የአፄ ኢያሱ ግንብ ጣሪያ ዛሬ ክፍት ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ቀድሞም በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶት ነበር።

ስለ ጥገናው ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጎብኚ የማያየው እሱን ነውና። ጣሊያኖቹ የተሰነጠቀውን የደፈኑት በሲሚንቶና በብረት ነው። ያኔ ዘመናዊ ነገር ነበር። እዚህ ኦዳ የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ያስለጠፈ ሰው ግን የሚሆነውን ያውቃል። የመጀመሪያው በጋ ያማረ ነው። ዝናቡ ሲመጣ ውሃ በቀጭን ስንጥቅ ይገባል፣ ሲሚንቶው ስለማያስወጣው ከኋላ ይጠራቀማል፣ ጭቃው ይለሰልሳል፣ አንድ ቀን ያ ውብ ልስን እንደ ቂጣ ተላጦ ይወድቃል። የጎንደር ግድግዳም ጠባዩ ተመሳሳይ ነው። ድንጋዩን የያዘው ኖራ ነው፤ የኖራ ድንጋይ በእሳት ተቃጥሎ፣ ውሃ ሲነካው እየጨሰ ዱቄት ሆኖ፣ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ። ኖራ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ከአየር ጋር እየተገናኘ በዓመታት ይጠነክራል፣ የገባበትንም እርጥበት መልሶ ያስወጣል። ግድግዳው ሲላወስ ትንሽ ይተጣጠፍለታል። ሲሚንቶ አይተጣጠፍም፣ አይተነፍስም። በ1970ዎቹ የተጀመረው እድሳት አንዱ ሥራ ይህን የማይስማማ ሲሚንቶ እየፈነቀሉ በኖራ መተካት ነበር። ከዚያ ሌላ ወፍ የምትጥለው የዛፍ ፍሬ አለ፤ በስንጥቁ ይበቅልና ሥሩ ድንጋይ ይገፋል። ግንበኛው ይህን በየዓመቱ ካልነቀለ የቴዎድሮስ እሳት ያልጣለውን ችግኝ ይጥለዋል።

ግንቡ የጉብኝት ቦታ የሆነው እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም፤ ታስቦበት ነው። በ1961 ኢትዮጵያ የቱሪስት ድርጅት አቋቋመች፤ መሪው ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መፈክር ይዘው ብቅ አሉ። አክሱምን፣ ላሊበላን፣ ጎንደርን፣ ባሕር ዳርን በአውሮፕላን የሚያያይዝ የታሪክ መስመር ተዘረጋ። በ1968 ሳንድሮ አንጀሊኒና ሉዊ ሙዠን የተባሉ ባለሙያዎች በዩኔስኮ በኩል ቅርሶቹ እንዴት ተጠግነው ለቱሪዝም ይዋሉ የሚል ጥናት አቀረቡ። በ1979 ፋሲል ግቢ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ ጉዛራ፣ ጎርጎራ፣ ቁስቋምና ደብረ ብርሃን ሥላሴም አብረው። ፎርት ጂሰስ ለዚህ ክብር የበቃው በ2011 ነው። እሱም የተጓዘው መንገድ አይቀልም፤ የኦማን ዐረቦች ከሁለት ዓመት በላይ ከብበው በ1698 ከፖርቱጋል ነጠቁት፣ እንግሊዞች ከ1895 ጀምሮ እስር ቤት አደረጉት፣ ሙዚየም የሆነው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። እስረኛ ያጨቁበት ቤት ዛሬ ትኬት ተቆርጦ ይገባበታል።

ትኬት ካልኩ አይቀር፣ ሞያሌዎችን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ሁለቱም ግንቦች ለአገር ዜጋና ለውጭ ሰው የተለያየ ዋጋ ነው የሚያስከፍሉት። የኬንያ መታወቂያ የያዘ የእኛ ሰፈር ሰው ጎንደር በር ላይ በአማርኛ እየተጨዋወተ፣ በፈረንጅ ዋጋ ይገባል። ሞምባሳ ላይ ደግሞ በዜጋ ዋጋ ገብቶ አስጎብኚው በስዋሂሊ ሲያወርድለት ግማሹ ያመልጠዋል። ቅሬታ አይደለም፤ የድንበር ሰው ዕጣ ነው።

ከግቢው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ቀሃ ወንዝ አጠገብ፣ የፋሲል መዋኛ የሚባል ገንዳ አለ። መሃሉ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ግንብ ቆሟል፤ በአጥሩ ላይ የዛፍ ሥሮች እንደ እባብ ተጠማዘው ተጋድመዋል። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ ከቀሃ ውሃ ተጠልፎ ለቀናት ይሞላል። ታቦታቱ ወርደው ያድራሉ፤ ማለዳ ካህናቱ ውሃውን ሲባርኩ ጎረምሳው ከአጥሩ፣ ከዛፉ፣ ከየአለበት እየዘለለ ይገባል። ጎንደር «አርባ አራቱ ታቦት» የሚባልላት አገር ናት፤ የጥምቀት በዓል በ2019 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በቀጣዩ ዓመት፣ በጥር 2020 በዚሁ በዓል ላይ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ከአሥር ያላነሱ ሰዎች ሞቱ። የ1600ዎቹ ድንጋይ ቆሞ የዚያ ሳምንት ጣውላ ወደቀ።

እኔ ገንዳውን ከግንቡ አብልጬ የምወደው ለዚህ በዓል ነው። ግቢው ውስጥ ሰው እየዞረ ያያል፤ «እዚህ ጋ ንጉሡ ይበሉ ነበር» ይባላል፤ ነበር፣ ነበር፣ ነበር። አንበሳ ይቀመጥበት የነበረ ቤት ሳይቀር ባዶውን ቆሟል። ገንዳው ግን ዛሬም የተሠራበትን ሥራ ይሠራል። ገንዳውን የሚሞላው ውሃ ቢዘገይ የሚቆጣ ሕዝብ አለው።

ቱሪዝሙ እንደ ክረምት ጎርፍ ነው፤ ሲመጣ ይሞላል፣ ሲሄድ ደረቅ። ኮቪድ መጣ፣ የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፣ በነሐሴ 2023 ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አስጎብኚው፣ የሆቴል አሳላፊው፣ የሸክላ ምስል የምትሸጠው ሴት ሁሉ የተንጠለጠሉት በዚያ ግንብ ላይ ነው፤ የመንገድ ወሬ ሲከፋ መጀመሪያ የሚቀረው እንግዳ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በግቢው ሰፊ እድሳት ተካሂዷል። ሥራው የሚመዘነው ምረቃው ላይ በተነሳው ፎቶ አይደለም፤ ከአምስት ስድስት ክረምት በኋላ የኖራው መጋጠሚያ ምን መስሎ ይገኛል በሚለው ነው።

ይህን ሁሉ ሳወራ ልጁ እርሳስ አንስቶ ደብተሩ ላይ ግንቡን እየገለበጠ ነበር። እንቁላሎቹን አራቱንም አስገባ። የመሃሉን ማማ ትንሽ አጣመመው። ከዚያ ፋሲል ከነማን አነሳብኝ፤ በ2021 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ያነሳው ቡድን በዚህ ንጉሥ ስም ነው ወይ አለ። አዎ አልኩት። ለኳስ ያለው ክብር ለንጉሡ ተረፈ፤ ማማውን አጥፍቶ ቀጥ አድርጎ ደግሞ ሳለው።

«ዛፉስ?» አለኝ ኖቷን እያገላበጠ። «ሰው የሚፈረድበት ዛፍ የታለ?»

ብሩ ላይ አልሳሉትም አልኩት። ጥቂት አሰበና ከግንቡ አጠገብ የራሱን ጨመረ፤ ግንዱን ወፍራም፣ ቅርንጫፉን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ። ሲጨርስ ዛፉ ከግንቡ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ሃምሳ ብሯን ልውሰዳት ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት።